ጠባቡ ቆብ

ሲያስገቡኝ ሴቶቹ ቆብ እየሠሩ ነበር። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ፣ ከውጭ መቀርቀሪያው ተወረወረ፣ ከስድስቱ ሴቶች አንዷም ቀና ብላ አላየችኝም። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ጠና ያሉ ሴት ብቻ "ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት" ብለው ቆጠራቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ "ነይ ልጄ፣ እዚህ ጋ ደረቅ ነው" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ያበዱ መሰለኝ።

ክፍሉ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ነው። ጆንያዎቹ ወጥተው ሽታው ቀርቷል፤ ዓይን ይቆጠቁጣል። መስኮት የሚባል ነገር የለውም፤ ጣሪያው ሥር አንድ ብሎኬት የወጣለት ቀዳዳ አለ። የመቱ ክረምት ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ለመሰማማት መጮህ ስለሚያስፈልግ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ሰባት ሆነን ስንተኛ በጎናችን ነው፤ አንዷ መገላበጥ ከፈለገች ቀስቅሳን ሁላችንም አብረን እንገላበጣለን። በሩ በቀን ሁለት ጊዜ ለሽንት ቤት ይከፈታል። በተረፈው ጊዜ በሩን ማየት ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የተዘጋ በር አልወድም፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዓይኔን ሳልነቅል ስጠብቀው ኖርኩ።

እኔንና ባለቤቴን በአንድ ጠዋት በሁለት መኪና ነው የወሰዱን። እሱ አስተማሪ ነው። ተማሪዎቹ ታስረው ስለነበር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ "ይፈቱልን" የሚል ደብዳቤ ፈረመ። እኔ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ስለነበርኩ የተየብኩት እኔ ነኝ። ጥፋታችን ይኸው ነው፤ ዛሬም ቢሆን የምጸጸተው ደብዳቤው ውስጥ በቀረች አንዲት የፊደል ግድፈት ብቻ ነው። የሱ መኪና ቀድሞ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። እህቴ ለኔ ምግብ ስታመጣ ይቀበሏታል። ለሱ ያመጣችውን ግን "እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም" እያሉ ይመልሱባታል። ሌላ ቦታ ነው ማለታቸው ይሁን ሞቷል ማለታቸው ይሁን የሚነግራት አልተገኘም።

ያቺን ደረቅ ቦታ ያካፈሉኝን ሴት እትዬ እላቸዋለሁ፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። ከመቱ ብዙ በማትርቀው ቡሬ ገበያ ላይ የክር ቆብ እየሠሩ የሚሸጡ ሴት ናቸው። የሚፈለገው ልጃቸው ነበር። እሱ ሲጠፋባቸው "እስኪመጣ" ብለው እሳቸውን አመጧቸው። የሹራብ መርፌ ብረት ነው ተብሎ ስለተከለከለ፣ ከተሰበረ የቀርከሃ ቅርጫት ስንጥር መዝዘው፣ ሲሚንቶው ላይ አሽተው፣ ቅባት ቀብተው መርፌ አደረጉት። ጠባቂያችን ከዳሪሙ ወረዳ የመጣች ሴት ፖሊስ ነበረች። ልጇን ጆሮውን አሞት እትዬ ቆብ ሠርተውለት ስለነበር ቀርከሃውን እንዳላየች ታልፈዋለች።

በሦስተኛው ሳምንት ይችኑ ፖሊስ ከሽንት ቤት ስንመለስ ያዝኳት።

"እህቴ፣ ባለቤቴ ከግድግዳው ወዲያ ወንዶቹ ጋ መኖሩን ብቻ ጠይቂልኝ።"

"ስም አልጠይቅም። እኔንም ካንቺ ጎን ያስቀምጡኛል" አለች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ቆመች። "ልብስ ግን አቀብላለሁ። ለወንዶቹ በረኛ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ስም ይጠራል። ሰውየው ካለ ይቀበላል። ከሌለ ይመለሳል።"

ልብስ አለች፤ ምን ልብስ አለኝ? የለበስኩት ቀሚስና አንድ ቡናማ ሹራብ ነው፤ ከውጭ ለወንድ የሚሆን ልብስ እንዳይገባ ደግሞ በር ላይ ይፈተሻል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። በሕይወቴ መርፌና ክር ይዤ የማላውቀው ሴት የሹራቤን አንድ እጅጌ ተርትሬ እትዬ ፊት ተቀመጥኩ።

የተተረተረ ክር የተጠቀለለ ጸጉር ይመስላል፤ እንዲሁ ቢሠሩበት ሥራው ይጎረብጣል። እትዬ አርጥበው ጄሪካን ላይ ጠመጠሙትና እስኪደርቅ ሁለት ቀን አስጠበቁኝ። ሁለቱን ቀን ተበሳጭቼ ዋልኩ። ከዚያ ሴቶቹ ጋ ከነበረው ቀይና ነጭ የክር ቁርጥራጭ ጨምሬ መስመር ላገባበት ስል እጄን ያዙኝ።

"አንድ ቀለም ይበቃል። በዚህ ጊዜ ሦስት ቀለም ጎን ለጎን ካዋልሽ ባንዲራ ነው ይሉሻል። የማን ባንዲራ እንደሆነ ደግሞ የሚመርጡልሽ እነሱ ናቸው።"

ቀዩንና ነጩን መለስኩ።

"አሁን የጭንቅላቱን ልክ ንገሪኝ" አሉ።

ስምንት ዓመት አብረን ኖረናል። የጫማውን ቁጥር፣ ሻዩ ላይ የሚጨምረውን ስኳር፣ ምን ቢሉት እንደሚያኮርፍ አውቃለሁ። የጭንቅላቱን ልክ ግን አላውቅም። አፈርኩ፣ ቀጥሎም አለቀስኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

"እጅሽስ አያውቅም?" አሉኝ እትዬ።

እጄ ያውቅ ነበር። ራስ ምታት ሲነሳበት በሻሼ ጥፍር አድርጌ አስርለታለሁ። ሻሹን ከራሴ ላይ ፈታሁና አየር ላይ፣ እሱ ፊቴ ቁጭ ያለ ይመስል አሰርኩት። ቋጠሮው የት ላይ እንደሚወድቅ ጣቶቼ አልሳቱትም። እትዬ በስንዝራቸው ለኩት፤ ሦስት ስንዝር ሊሞላ ሁለት ጣት ቀረው። "ቆቡ ከዚህም ሁለት ጣት ይነስ" አሉ፤ "ክር ሲለበስ ይለቃል። በልኩ የተሠራ ቆብ በሳምንቱ ዓይን ላይ ይወርዳል።"

ሰማንያ አራት የክር ቀለበት አወጣሁ፤ በሦስቱ መርፌዎች ላይ ሃያ ስምንት ሃያ ስምንት አካፈልኩት። አራተኛው መርፌ ይሠራል፤ አንዱን መርፌ ጨርሶ ሲያራግፍ የተራገፈው በተራው ሠራተኛ ይሆናል፣ እንደዚህ እየተቀባበሉ ዙሪያውን ይሄዳሉ። ቆቡ ስፌት አይኖረውም። እትዬ ሦስቱን መርፌ ገጥሜ ክብ ከማድረጌ በፊት አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፤ የቀለበቶቹ እግር ሁሉ ወደ አንድ ወገን መዞሩን እንዳይ። አየሁ አልኩ። አላየሁም። ቸኩዬ ነበር።

አራት ጣት ያህል ከፍ ካለ በኋላ ሥራው እንደተጣመመ መቀነት ሆኖ አገኘሁት። ብጎትተው ብጠመዝዘው አልቃና አለኝ።

"ይህ አይቃናም?"

"አይቃናም። ከሥሩ ነው፤ መፍታት ነው።"

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አለች አንዷ ከጥግ፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሁለት ቀን ሥራዬን ስተረትር ባለቤቴን በገዛ እጄ አንድ እርምጃ ያራቅሁት መሰለኝ።

ሁለተኛውን በጥንቃቄ ገጠምኩት። የዙሩ መጀመሪያ እንዳይጠፋኝ የቀይ ክር ቁራጭ አንጠለጠልኩበት። የግንባሩን ጠርዝ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ እየሠራሁ ለጠጥ የሚል አደረግሁት፤ ከዚያ በላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ዝም ብሎ መዞር ነው። ያ መዞር ደግሞ ለኔ መከራ ነበር። ተነስተሽ የማትሄጂበት ክፍል ውስጥ እጅሽ ሲዞር መዋሉ ያናድዳል። እሱን ሳስብ ክሩን እጎትታለሁ። "የለም" ያሏት እህቴን ሳስብ ደግሞ አብዝቼ እጎትታለሁ። እትዬ በየመሀሉ "ሱታ ጄዲ፣ ልጄ። ቀስ በይ። ክሩ ምን አደረገሽ?" ይሉኛል። ቆቡ ላዩ ላይ ሲደርስ ሁለት ሁለቱን ቀለበት አንድ እያደረግሁ አጠበብኩት፣ የቀሩትን በአንድ ክር ሰብስቤ ሳብኩ። ተዘጋ። አስቀያሚ ነበር፤ ግን ቆብ ነበር።

ፖሊሷ ማክሰኞ ጠዋት ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወሰደችው። የዚያን ቀን ለሽንት ቤት አልወጣሁም፤ ወጥቼ ሳለ መልሱ ቢመጣስ ብዬ ፈራሁ። ማክሰኞ አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም። ሴቶቹ "ተቀብሎ ነው እንጂ" አሉኝ። ሐሙስ ከሰዓት በሩ ተከፈተ፣ ፖሊሷ ገባች፣ ቡናማውን ቆብ ጭኔ ላይ ጣለችው።

ጆሮዬ ተደፈነ። ዝናቡም አልተሰማኝም። እትዬ ትከሻዬን በሁለት እጃቸው እንደያዙት አስታውሳለሁ። ፖሊሷ የምትለውን የሰማሁት ሁለተኛ ስትደግመው ነው።

"ጠበበኝ ብሏል እያልኩሽ ነው።"

"ማን?"

"ማን ይሆናል፣ ባልሽ ነዋ። ይጠባል፣ ሦስት አራት ጣት አስፍታ ትሥራልኝ ብሏል።"

"አየሽው?"

"በረኛው ነው ያናገረው። እኔ የነገረኝን ነገርኩሽ።"

ሌላ ሰው ቢሆንስ ብዬ አልተጠራጠርኩም። በሠርጋችን ዕለት እንኳ ፎቶ አንሺው እየጠበቀ ኮቱ ጠበበኝ ብሎ የተነጫነጨ ሰው ነው። ጫማ ብገዛለት ይሰፋዋል፣ ሸሚዝ ብገዛለት አንገቱን ያንቀዋል። በእስር ቤት በረኛ በኩል በስንት ጭንቀት የመጣለትን ቆብ አልፈልግም ብሎ የሚመልስ ከሱ ሌላ ሰው ኢሉባቦር ውስጥ የለም። ሳቅሁ፣ ሳቄ መቆሚያ አጣ፤ እትዬ በነጠላቸው አፌን እስኪይዙኝ ድረስ። ተናደድኩበትም። እጅጌዬን ያህል ነገር ተርትሬ፣ በርዶኝ፣ ጠበበኝ?

"ጎተት ጎተት አድርጊውና ልመልስለት" አለች ፖሊሷ። ደጋግሞ መመላለሱ አስፈርቷታል።

"የማይሆነውን አልልክለትም" አልኳት። "ለሳምንት ማክሰኞ ነይ።"

እትዬ ቆቡን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። "ልኩ ልክ ነው፤ እጅሽ ነው ያጠበበው። የተናደደ እጅ ክር ያንቃል" አሉ። አመንኳቸው። የመጨረሻዋን ክር ፈልጌ አገኘሁና እዚያው ፖሊሷ ፊት ሙሉውን ተረተርኩት። ሁለተኛውን እጅጌዬንም ጨመርኩበት። አንድ መቶ አራት ቀለበት። በዚህኛው ሥራ ላይ ክሩን አንድ ጊዜም አልጎተትኩም፤ ንዴቱ ሲመጣ መርፌውን አስቀምጬ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ማክሰኞ ሄደ። አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ እጅጌ በሌለው ሹራብ ክረምቱን ገፋሁት። እትዬን አንድ ቀን ጠርተው አስወጧቸው፤ ልጃቸው ተገኝቶ ይሁን ሰልችቷቸው ይሁን አልሰማንም። መርፌዎቹን ለኔ ትተው ሄዱ። እኔን በመስከረም፣ እሱን ከኔ በኋላ ሁለት ወር ቆይተው ፈቱን።

ከበሩ ሲወጣ ቆቡ ቅንድቡ ላይ ወርዶ ነበር። ከሥሩ ዓይኑን ለማየት አገጩን ወደ ላይ ማንሳት ነበረበት። ቤት ደርሰን ጎረቤቱ "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ሊለው ሲገባና ሲወጣ ዋለ፤ እሱ ቆቡን አላወለቀም። እኔም በሰው ፊት መታገስ አልቻልኩም፣ "አስፊው ያልከው አንተ ነህ፤ አሁን ደግሞ ሰፋኝ በል" አልኩት። ፈገግ ብሎ ቆቡን ወደ ታች ሳብ አደረገው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጓሮ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ጸጉሩን ላጥበው ስል ቆቡን ራሴ አወለቅሁት። ከግራ ጆሮው በላይ ተነስቶ እስከ ማጅራቱ የሚሄድ፣ ጸጉር የማይበቅልበት የጠባሳ መስመር ነበር። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

"መቼ ነው?"

"ቆቡ ሲመጣ ሳምንት ሆኖት ነበር። በጨርቅ ጠቅልለውኝ ነበር፤ ያበጠውም ገና አልጎደለም።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"በበረኛ አፍ ምን ብዬ ልንገርሽ? ጠበበኝ አልኩሽ እኮ" አለ።

ውኃውን አፈሰስኩለት። ሌላ ምን አደርጋለሁ። ያን ሁሉ ወር ስወቅሰው የኖርኩት እጄ ልክ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው፣ ደስ ግን አላለኝም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳዬ ላይ ለሰፈሩ ሴቶች ቆብ አስተምራለሁ። ለጀማሪ የምለው ብዙ ነው፤ ከመግጠምሽ በፊት መጣመሙን እይ፣ የዙሩን መጀመሪያ ምልክት አድርጊበት፣ ከልኩ ሁለት ጣት ቀንሺ፣ ተናደሽ አትሥሪ። አንዳንዴ አንዷ ቆብ ይዛ ትመለሳለች፤ "ጠበበኝ አለ፣ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?" ትላለች። ቀለበቱን አልቆጥርም፣ እጇንም አልወቅስም።

"ሰውየው ጭንቅላቱ ደህና ነው?" እላታለሁ።

ቀልድ መስሏቸው የሚስቁ አሉ። እኔ ግን መልሱን እጠብቃለሁ።