ድምፄን የወሰደው ሰው

እዚህ ዘመሮ ከተማ ጠዋት ስልኩን ከፍቶ የዕለቱን ቅዱስና ጾሙን የሚያዳምጥ ሰው የሚሰማው የእኔን ድምፅ ነው። ይህን የሚያሰማውን የስልክ አፕ የሠራችው ሴት ልጄ ናት፤ ብቻዋን፣ መብራት በመጣ ሰዓት ሁሉ እየተነሣች። ማንበብ ለማይችሉ ብላ ነው እኔን ያስነበበችኝ። ብዙ ሰው ወደደው። ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ ጎረቤታችን እንኳ "ዛሬስ የማን ቀን ነው?" ብለው ሰው መጠየቅ ተዉ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

አንድ ቀን ማኅበር ላይ አንዲት ወዳጄ ስልኳን ከፈተች። የቁማር ማስታወቂያ ጮኸ፤ ከዚያ የእኔ ድምፅ ቀጠለ።

"እናንተ ቤት ቁማርም ተጀመረ እንዴ?" አለችኝ እየሳቀች። ሌሎቹ ሴቶች አልሳቁም።

ልጄ ስታየው ፊቷ ጠቆረ። የማናውቀው ሰው አፑን እንዳለ ገልብጦ በሌላ ስም አውጥቶታል። አፖቹ ለሚወጡበት ድርጅት አመለከተች፤ አንዱ ቅጂ ሲነሣ ሌላ ወጣ። በመጨረሻ፣

"እማዬ፣ በአንቺ ድምፅ ሰው ወደ ቁማር ከሚጠራ የእኔንም ልዝጋው" አለችኝ።

"ትንሽ ቆዪ" ብዬ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። በአገራችን በግ የተሰረቀበት ሰው፣ ሌባውን ባያውቀው፣ በካህን ያስገዝታል።

"ይፍቱኝ አባ። ሌባ እንዲገዝቱልኝ ነው የመጣሁት።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን ተወሰደብሽ?"

"ድምፄ።"

ነገሩን አስረዳኋቸው። ሰሙኝና፣ "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እገዝታለሁ። ቀድመሽ አሜን የምትይው ግን አንቺ ነሽ" አሉኝ።

እሑድ ደረሰ። አባ መስቀላቸውን ይዘው ዞረው አዩኝ። ያም ሰው እናት ይኖረዋል ብዬ አሰብኩ። አሜን ካፌ አልወጣ አለኝ። ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ፤ እሳቸውም ተዉት።

ቤት ገብቼ ልጄን "እንደገና ቅረጪኝ" አልኳት። የዕለቱን አነበብኩና ጨመርኩበት፦ "ይህን ደክማ የሠራችውን እግዚአብሔር ይባርክ። ሳይደክም ለወሰደውም ልቡና ይስጠው።"

"እማዬ፣ ይሄንንም እኮ ይወስደዋል!"

"ይውሰደው።"

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። አልዘጋችውም።

እንዳለችውም ወሰደው። በሚቀጥለው ማኅበር ያቺው ወዳጄ ስልኳን ከፈተች። ማስታወቂያው ጮኸ። ቀጥሎ የእኔ ድምፅ ዕለቱን ተናግሮ፣ ለልጄም ለወሰደባትም ጸለየ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አሜን" አልኩ።