ያልገለበጥኩት የጥያቄ ምልክት

በማዘጋጃ ቤት ፋይል ይጠፋል የሚባለው ውሸት ነው። በፕላን ክፍል ንድፍ እየገለበጥኩ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አንድም ፋይል ሲጠፋ አላየሁም። ሻይ የፈሰሰበት አይቻለሁ፤ አይጥ ጥጉን የቀመሰው አይቻለሁ፤ ከትልልቅ መዛግብት ሥር ተጨፍልቆ ዓመት የከረመ አይቻለሁ። የጠፋ ግን የለም። “ጠፍቷል” የሚለውን ወሬ የነዛነው እኛው ነን። እኔም ለአንድ ሰው ብዬዋለሁ፤ ሰውየው እስከ ዛሬ ያምኑኛል።

ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። የምኖረው መርካቶ፣ ከተክለ ሃይማኖት ወደ ገበያው በሚያስገባው መንገድ ዳር፣ ከአንድ የወሎ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ሰፈሩ በሙሉ “ሐጂ” ይላቸዋል። ሱቃቸው የጭቃ ቤት ነው፤ የኋላው ግድግዳ ሥሩ በስብሶ ሆዱን ነፍቷል። ክረምት ሳይገባ አፍርሰው በብሎኬት ሊሠሩት አሰቡ። ጎረቤታቸው ቆርቆሮ ነጋዴው የራሱን ግድግዳ በአንድ እሑድ ገትሮ ጨርሷል፤ እሑድ ተቆጣጣሪ አይወጣም።

“እርስዎም በእሑድ ይገላገሉ እንጂ ሐጂ” አላቸው። “ሰኞ ሲመጡ፣ ድሮም እንዲህ ነበር ማለት ነው።”

እኔ ጣልቃ ገባሁ። “ሕጋዊ መንገድ እያለ ለምን ይደበቃሉ? ያመልክቱ። እኔ እዚያው ነኝ፤ በሳምንት ውስጥ ፈቃዱን አስወጣለሁ።”

ነጋዴው ሳቀብኝ። “ለዝናቡስ? ለሱም ማመልከቻ ትጽፍለታለህ?”

ሐጂ ግን እኔን አመኑ። ማመልከቻውን ጻፍኩ፤ ቴምብር ለጠፍንበት፤ በእጄ ወስጄ አስገባሁት።

በአምስተኛው ቀን ከመሐንዲሱ ተመለሰ፦ ቦታው ወደፊት በሚሠራ መንገድ መስመር ውስጥ ስለሆነ ማደስ አይፈቀድም። የትኛው መንገድ? ፕላኑን ዘረጋሁት። አንድ ቀጥ ያለ፣ ጥቁር፣ የሚያምር መስመር የሐጂን ሱቅ ለሁለት ሰንጥቆ፣ የኔንም አልጋ ቆርጦ ያልፋል። ማማሩን ሳይ አወቅሁት። የኔ እጅ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ እዚያ ሰፈር ሳልገባ፣ የውጭ አገር ባለሙያዎች የሠሩትን ፕላን በስስ ወረቀት ላይ በቀለም እንድገለብጥ ታዝዤ ነበር። ዋናውን ወረቀት ከታችኛው መሳቢያ አውጥቼ አየሁት። ባለሙያው እዚህ ቦታ ላይ ያሰመረው በእርሳስ ነው፤ እጁ እየፈራ። አጠገቡ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አድርጓል። እኔ መስመሩን በቀለም አደመቅሁት፤ የጥያቄ ምልክቱን ተውኩት። ንጹሕ ንድፍ ላይ አያምርም ብዬ ነበር። ሰውየው “በዚህ በኩል ይሆን?” ብሎ ሲጠይቅ፣ አገሩን ወክዬ “አዎ” ያልኩት እኔ ነኝ።

ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ።

“ጌታዬ፣ ይሄ መስመር እርሳስ ነበር።”

አየውና “ማን ቀለም አደረገው?” አለኝ።

“እኔ።”

“ማን ፈረመበት?”

ፊርማው የራሱ ነበር። ዋናውን ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። “ወደ መሳቢያው መልሰው” አለኝ። “ተደብቀህ አይደለም፤ ሰው እያየህ። የምንደብቀው ነገር የለም።”

መለስኩት።

ከሥራ ስገባ ሐጂ ከአፋቸው መርፌ አውጥተው “እህ፣ ኢንጂነር?” አሉኝ። ሌላ ቀን ደስ የሚለኝ ማዕረግ ነበር።

“ፋይሉ ጠፍቷል፣ ሐጂ። እየተፈለገ ነው።”

“ወረቀት እግር የለው፣ የት ይሄዳል! ይገኛል፣ ኢንሻአላህ።”

“እሑድ ግን አልጠፋችም!” አለ ነጋዴው ከበሩ ሆኖ።

“ተው አንተ” አሉት። “ሳልጠይቅ ብሠራ አንድ ነገር ነው። ጠይቄ መልሱን ሳልሰማ ብሠራ ግን ሌብነት ነው።”

እሑድን የቀማኋቸው እኔ ነኝ ማለት ነው።

ሐምሌ ገባ። የቢሮው ጣሪያ በዝናብ ሲደበደብ መስመር ማስመር አቃተኝ። በየጠዋቱ ከመውጣቴ በፊት የግድግዳውን ስንጥቅ እለካለሁ፤ መጀመሪያ አንድ ጣቴ ገባ፣ ኋላ ሁለት፣ ኋላ መዳፌ። ሐጂ የስፌት መኪናቸውን ትተው ጨርቁን ብቻ ወደ ፊት ያሸሻሉ፤ መኪናዋን ከመስኮቱ ብርሃን ካራቋት አይታያቸውም። እውነቱን ልነግራቸው ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ፣ ሦስቴም ስለ ዝናቡ አወራሁ። ብነግራቸው ምን ይጠቅማቸዋል ብዬም ተፈላሰፍኩ። ፈሪ ሰው ፍልስፍና አያጥረውም።

አንድ ዓርብ ሐጂ ለጁምዓ ሄደው ሳለ ግድግዳው ወደ ውስጥ ወደቀ። መኪናዋን ቀበራት፤ ሰው አልነካም። ሰፈሩ “ተመስገን” አለ። እኔ ግን ደንቡን አውቀዋለሁ፤ የቆመውን ማደስ ከተከለከለ፣ የወደቀውን ማቆም ጨርሶ አይታሰብም። እሑድም ቢሠሩ ኖሮ ሰኞ ተቆጣጣሪው ቀድሞ የሚመጣው እሳቸው ደጅ ነበር፤ በማመልከቻዬ ባለ ፋይል አድርጌያቸዋለሁ።

አሥራ አምስት ዓመት ሆነው። መንገዱ አልመጣም። የሐጂ ቦታ ባዶውን ነው፤ እሳቸው የሚሰፉት በቆርቆሮ ነጋዴው በረንዳ ላይ፣ በትውስት መኪና ነው። ባለፈው ሳምንት ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ክሩን በመርፌው ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ፤ ዓይናቸው ደክሟል።

“ኢንጂነር፣ ያ ፋይል አልተገኘም?”

“ገና ነው፣ ሐጂ።”

ከመሥሪያ ቤቱ ከወጣሁ ቆይቷል፤ ቁልፍ የለኝም። አንተ፣ ይህን ጽሑፍ ጠረጴዛህ ሥር ደብቀህ የምታነበው የፕላን ክፍል ሠራተኛ፣ ቁልፉ አለህ። ነገ ጠዋት የታችኛውን መሳቢያ ክፈትና ዋናውን ወረቀት አውጣ። የጥያቄ ምልክቱን ከመስመሬ አጠገብ ገልብጥልኝ፤ በቀለም።