ነጠላ የተጋረደበት ጨዋታ

የልጄ ልጅ ሙሉቀን ከሚኖርበት ቤት በታች፣ ሞጣ ገበያ መውጫው ላይ፣ አንድ ፑል ቤት አለ። ጧት ስነቃ ኳስ ከኳስ ሲላተም ቋ ይላል፣ ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥርም ቢቸና፣ እናቴ ቤት ተኝቼ የማዳምጥ ይመስለኛል፤ አባቴ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣ ሰው ሳይመጣ፣ ብቻውን ሲለማመድ እሰማው ነበርና። የሌላው ሰው ልጅነት በዶሮ ጩኸት ይነቃል፤ የኔ በኳስ ነው፣ ምን ላድርግ።

ነገሩ የመጣው በክረምት ነው። አባቴ አበጀ ልብስ ሰፊ ነበር፣ እናቴ ደግሞ ጠላ ትሸጥ ነበር። ሐጂ ኑርዬ የሚባሉ የሞጣ ነጋዴ፣ ለአባቴ ጨርቅ የሚያመጡለት፣ አንድ የፑል ጠረጴዛ በጭነት መኪና ከደጀን አስጭነው ወደ አገራቸው ሲሄዱ፣ ከደብረ ወርቅ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ነው ቢሏቸው፣ «አበጀ፣ ዝናቡ እስኪያባራ አንተ ዘንድ ይቀመጥልኝ» ብለው እኛ ቤት አራግፈውት ሄዱ። ያኔ ቢሊያርዶ ነበር የሚሉት። ፊተኛውን ክፍል ስለሞላው የስፌት መኪናው ጓዳ ገባ፣ እኛ ልጆችም ከሥሩ መተኛት ጀመርን። የከተማው ወንድ ሁሉ ዝናቡን ሸሽቶ እሱን ሊያይ ይገባ ነበር፣ የገባም ጠላ ሳይጠጣ አይወጣም ነበርና፣ እናቴ አንዱ ጋን ሳያልቅ ሌላውን ትጠነስስ ነበር። የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኜ አዲስ ቀሚስ የለበስሁት ያን ዓመት ነው።

አደይ ሲፈነዳ ከአባቴ የሚስተካከል ጠፋ። በመርፌ ቀዳዳ ክር ሲያሾልክ የኖረ እጅ ነውና፣ ኳሷን ካሰበበት ጉድጓድ ይጨምራት ነበር። ብቻውን ሲሆን ነው ታዲያ! ሰው ከከበበው እጁ እንደ ሸምበቆ ይርገፈገፍ ነበር፣ የሚመታበት ዘንግም ኳሷን ስቶ አረንጓዴውን ጨርቅ ይቧጭር ነበር።

ኅዳር ላይ መንገዱ ደርቆ ሐጂ ኑርዬ ጠረጴዛቸውን ሊወስዱ መጡ። የቢቸና ሰው እንዳይወስዱት ለመናቸው። እሳቸው ጨዋታ ወዳድ ነበሩና፣ «እንግዲያው ጥምቀት ይለፍና ሹፌሬን ይዤ እመጣለሁ፤ አበጀ ካሸነፈው ጠረጴዛው እዚሁ ይቅር፣ ከተሸነፈ እጭናለሁ» አሉ። ሰው ሁሉ እልል አለ። እናቴ ብቻ እልል አላለችም፣ ጓዳ ገብታ ጋኖቿን ስታይ ቆየች።

ከዚያ ወዲያማ በጋው ሁሉ ምክር ሆነ። አቤት የምክር ብዛት! ዘንጉን ጨብጦ የማያውቅ ሁሉ የእጅ መንቀጥቀጥ ሐኪም ሆኖ ቁጭ አለ። አንዱ አረቄ በባዶ ሆድ ጠጣ ይለዋል፣ አንዱ ጠበል ተጠመቅ ይለዋል፣ ሌላው ደግሞ ሹፌሩን ፍየል ነው ብለህ አስበው ይለዋል፤ ይህን የሚለው ፍየል የሚፈራ ሰው ነው፣ እኔ በዐይኔ አይቻለሁ። የሁሉም አለቃ ስማቸው የሚባለው ነበር፤ ጸሐፊ ስለሆነ ሁሉን የሚያውቅ የሚመስለው፣ ጠላውን «ነገ እከፍላለሁ» እያለ የሚጠጣ፣ ሲናገር ጣቱን የሚቀስር ሰው። አባቴ ሁሉንም «እሺ፣ እሺ» እያለ ይሰማቸው ነበር። አረቄውን ጠጥቶ አስመለሰው፣ ጠበሉን ተጠምቆ ጉንፋን ያዘው፣ እጁ ግን ያው ነበር።

ጥምቀት አለፈና ሐጂ ኑርዬ ሹፌራቸውን ይማምን ይዘው መጡ። ይማም ረዥም፣ ጥርሱ ወርቅ፣ በዘንጉ ጀርባውን የሚያክ ሰው ነበር። ገና ሲገባ፣ «የቱ ነው ልብስ ሰፊው? እጁ ከስፌት መኪናው ጋር ነው እንዴ የሚንቀጠቀጥ?» ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ የሳቁትም የኛው መካሪዎች ናቸው።

ያን ጊዜ ስማቸው ጣቱን ቀስሮ ተነሣ። «ዐይን ነው! አበጀን የሚያንቀጠቅጠው የሰው ዐይን ነው! ሰው ሲበላ ነጠላ ይጋረድለት የለም? ሲጫወትም ይጋረድለት!»

«እውነት ነው፣ ይጋረድለት!» አሉ ሁሉም።

ሐጂ ኑርዬ እየሳቁ፣ «ይጋረድለት እንጂ፣ እኔ ምን ቸገረኝ» አሉ።

«ከተሞሸረ አይቀር ሚዜው እኔ ልሁን!» አለ ይማም።

እንዲህ ሆነና፣ የአባቴ ተራ ሲደርስ ሁለት ነጠላ አገጣጥመን በእሱና በሰዉ መካከል እንጋርድ ነበር፤ እናቴ መካከሉን፣ አክስቴ አንዱን ጫፍ፣ እኔ በርጩማ ላይ ቆሜ ሌላውን ጫፍ ይዘን። ሰዉ ከጨርቁ ወዲያ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቅ ነበርና፣ ያ ዝምታ ከዐይኑ የባሰ ነበር። እናቴም ብትሆን ኳሷን የምታያት ከእሳት አጠገብ እንደተቀመጠ ሕፃን ነበር። የአባቴ እጅ ከመጋረጃው ውስጥ ከቀድሞው ይበልጥ ይርገፈገፍ ነበር፤ ይህን ከእኛ ከሦስታችን በቀር ያየ የለም። እንደዚያም ሆኖ አንዱን ስቶ አንዱን እያስገባ፣ ይማምም እሱን ንቆ እየተዝናና ሲስት፣ በመጨረሻ ጥቁሯ ኳስ ብቻ ቀረች። የከተታት ያሸንፋል። ተራው የአባቴ ነበር፣ ኳሷም ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ነበር፤ እኔ እፍ ብዬ የማስገባት ነበረች።

አባቴ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ እንደገና ጎንበስ አለና መታ። ጥቁሯ የጉድጓዱን ከንፈር ነክታ ተመለሰች። እኔም ያን አይቼ ክንዴ ዛለና የያዝሁት ጫፍ ዝቅ አለ። ይማም ሳይቸኩል መጥቶ ከተታት።

«ይችው! ይች ናት የጣለችን!» ብሎ ስማቸው ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። «ነጠላውን ዝቅ አድርጋ ዐይን አስገባችበት!»

«እኔም አይቻታለሁ!» አለ ፍየል የሚፈራው።

ያ ሁሉ ጢማም ወንድ፣ አረቄ ጠጣ ሲል የከረመው፣ በርጩማ ላይ በቆመች ሕፃን ላይ ተነሣ። ጠረጴዛው በኔ ምክንያት ሊሄድ ነው፣ የእናቴ ጋንም በኔ ምክንያት ሊደርቅ ነው ብዬ አመንሁ።

አባቴ ዘንጉን አስቀምጦ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አልፎ መጣና እጁን ራሴ ላይ ጫነ። «ስማቸው፣ ልጅቱን ተዋት። ነጠላው ዝቅ ያለው ከሳትሁ ወዲያ ነው። የሳትሁት እኔ ነኝ፤ ዐይን የሚባል የለም፣ እጄ ነው» አለ። ሁሉም ያየው ነበር፣ ያ ራሴ ላይ ያለው እጅ ግን ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም።

ጠረጴዛው በማግስቱ ተጫነ፣ ከተሸከሙት አንዱም ስማቸው ነበር። በልግ ሳይገባ እሱና መሰሎቹ በገበያ ቀን እየተጫኑ ሞጣ ወርደው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይጫወቱ ጀመር፣ በኛ ደጅ ሲያልፉም ፊታቸውን ወደ ወዲያ ያዞሩ ነበር። እናቴ ወደ አንድ ጋኗ ተመለሰች፣ ሆዷ ቢያርም አንድ ቀን አባቴን ክፉ ቃል ስትናገረው አልሰማሁም። የኔ ቀሚስ ባጠረች ቁጥር አባቴ ጠርዟን እየለቀቀ ያስረዝማት ነበር።

ዘንድሮ እኔም አርጅቼ አንዴ ቢቸና፣ አንዴ ሞጣ እያልሁ ከልጅ ልጅ ቤት እዞራለሁ። ሙሉቀን ባለፈው እታች ፑል ቤት ውድድር ነበረበትና ሳምንቱን ሙሉ ስልኩን ደቅኖ መተንፈስ ሲማር ሰነበተ። «እማማ፣ በአፍንጫ ስበሽ፣ ያዝ አድርገሽ፣ ቀስ ብለሽ በአፍ ታወጭዋለሽ» ይለኛል፤ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን በምን ስተነፍስ እንደኖርሁ እግዜር ይወቅ። ተሸንፎ መጣ። መብራቱ ዐይኑ ላይ አበራበት፣ ጠረጴዛው ዘመም ያለ ነው፣ አንዱ ልጅ ሲመታ ጠብቆ «ኡሁ» ብሎ ሳለበት፣ ዘንጉም የሰው ነው እያለ ደረደረልኝ።

«እሺ፣ አንተስ የት ነበርህ?» አልሁት።

አኩርፎ ስልኩን አገላበጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀው፣ እራቱን እያየ ተወው፣ ወጥቶ ደጅ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ቸኮልሁ፣ እማማ» አለኝ።

አባቴ «የሳትሁት እኔ ነኝ» ለማለት ይህን ያህል አልቆየም ነበር፤ ያውም ቤት ሙሉ ሰው ፊት። የዛሬ ልጅ ግን ይህችንም በጓዳ ካላት፣ ይሁን።