ዋጋውን የበላ ይገዛል

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። ስለ ራሷ ሳወራ አፍራ እንዳትዘለው ብዬ አጠገቧ ተቀምጫለሁ፤ ማንበብ ባልችልም እጅ ሲቆም አይጠፋኝም።

ይህች ልጅ ሥዕል ትሥላለች። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንዳይመስላችሁ። በስልክ የምታያቸው የጃፓን ካርቱኖች አሉ፤ ዓይናቸው ፊታቸውን የጨረሰው፣ አፍንጫ የተረሳባቸው። እነሱን ነው የምትሥል። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን ከጥናቷ በኋላ እዚያ ላይ ታቀረቅራለች። አባቷ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ያያትና ይብሰለሰላል። «ዓይኗንም ትምህርቷንም ልትጨርሰው ነው» ይላል።

አንድ ቀን፣ ፍኖተ ሰላም አዳራሽ ውስጥ የካርቱን ወዳጆች ጉባኤ አለ፣ የሠሩትን መሸጥ ይቻላል ብላ መጣች። አባቷ ብዙ አሰበና «እሽ፣ ሂጅ» አላት። «ድካምሽን አውቆ የሚገዛ ሰው ካገኘሽ ከእንግዲህ አንድ ቃል አልናገርሽም። በርካሽማ ማንም ይወስዳል። ድካምሽን የሚያውቅ ካጣሽ ግን ቀለሙም ወረቀቱም ሳጥን ይገባል።» እማኝ ሆኜ እንድከተላት እኔን ላከኝ። እናቴ አታዳላም ብሎ ነው። ምስኪን።

ጉባኤ ስትለኝ ጊዜ የበዓል ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ። ለመንገድ የሽምብራ ቆሎ በፌስታል ያዝኩ። አዳራሹ ውስጥ ስገባ አማተብኩ። አንዷ ፀጉሯ ሰማያዊ ነው። አንዱ በዚያ ሙቀት ቀይ ካባ ደርቦ፣ ከካርቶን የተሠራ ሰይፍ ይጎትታል።

«ልጄ፣ ፀጉርሽን እንደ ስፌት ሣር ነከሩብሽ?» አልኳት ሰማያዊዋን።

«ሰው ሠራሽ ነው እማማ፣ ይኸው» ብላ ብድግ አድርጋ አወለቀችልኝ። ከሥሩ እንደኛው ሹሩባ ተሠርታለች። ከዚያ ወዲያ አልፈራሁም።

ጠረጴዛ ሰጡን፣ ሥዕሎቹን ደረደርን። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። «እምዬ፣ ዋጋውን አንቱ ንገሩልኝ። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ አፍሬ በነፃ እሰጣለሁ።»

ዋጋ መቁረጥ መቼ አቅቶኝ ያውቃል! እናቴ ስፌት ስትሸጥ ብር አትጠራም ነበር። ገዢዋ ጤፍ ይዛ ትመጣና እንቅቡ እስኪሞላ ትሰፍርበታለች፤ ጤፉ ለእናቴ፣ እንቅቡ ለገዢዋ። ትልቅ ዕቃ ብዙ ይይዛል፣ ብዙ ያወጣል። በዚሁ ነው ያደግሁት። ሥዕል ላይ መቼም ጤፍ አይሰፈርም፣ ስለዚህ በስንዝሬ ለካሁት። ሁለት ስንዝር የሞላው አራት መቶ ብር፣ መዳፌን የምታህለው ሠላሳ። ልጅቱ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። አያት አይታረምም።

ባለ ካባው መጣ። መዳፌን የምታህለውን አነሣ፤ አንዲት አሮጊት መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ። ክሩ ሳይቀር ይታያል። «ይህች ስንት ናት እማማ?»

«ሠላሳ።»

ሠላሳውን አስቀምጦ፣ ሥጋ እንደሰረቀች ድመት ፈትለክ አለ። እኔ ደስ ብሎኝ ዞር ስል የልጅቱ ዓይን ውኃ ሞልቷል።

«ምነው? ተሸጠ እኮ!»

«ዘጠኝ ምሽት ነው የሣልኳት።»

«ትልቁንስ?»

«እሱን በአንድ ምሽት። አብዛኛው ጥቁር ቀለም ነው፣ ቀባሁት እንጂ ምኑን ሣልኩት።»

የለካሁበትን እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። ሳላገባ የሰፋኋት አንዲት ሙዳይ ትዝ አለችኝ። ክዳኗ ላይ እርግብ አውጥቼባት ነበር፤ ክረምቱን በሙሉ ወስፌው ጣቴን እየወጋኝ። የመጣችው ገዢ ጤፍ ሰፈረችባት፤ እፍኝ ተኩል ያዘች። እናቴም «ይኸው ዋጋሽ» አለችኝ። ጤፉ ሙዳይዋን ሞላ፣ እኔን አልሞላኝም። ከዚያ ወዲህ ሙዳይ ሰፍቼ አላውቅም፣ ትልልቅ እንቅብ ብቻ። እና ይኸን ሁሉ ዘመን ከርሜ ያንኑ ስፍር በልጅ ልጄ ላይ አመጣሁት።

«እያንዳንዱ ስንት ምሽት እንደፈጀብሽ ንገሪኝ» አልኳት።

ቁጥር መጻፍ አልችልም። ቆሎዬን አወጣሁና በየሥዕሉ ላይ ደረደርኩ። አንድ ምሽት አንድ ሽምብራ፣ አንድ ሽምብራ ሃምሳ ብር። የወዛደር የቀን ዋጋ እንኳ ከዚህ ይበልጣል። ትልቁ ጥቁር ሥዕል ላይ አንዲት ሽምብራ ብቻዋን ቀረች፤ አሳዘነችኝ፣ ግን አልጨመርኩላትም።

ከዚያማ ሰው ተሰበሰበ። «ይኸ ቆሎ ምንድን ነው?» ይላሉ፣ እኔ እነግራለሁ። አንድ ጉንጨ ሙሉ ልጅ ሳይጠይቅ እያወራ ከአንዱ ሥዕል ላይ አራቱንም አንሥቶ ቆረጠማቸው።

«በል ክፈል!» አልኩት።

«ምኑን እማማ?»

«ዋጋውን በላኸው እኮ! አሁን ለሌላ ሰው ስንት ነው ልበል? ዋጋውን የበላ ይገዛል።»

ጓደኞቹ በሳቅ ሞቱ። እሱም ሥዕሉን አገላብጦ አየ፣ «አራት ምሽት ለዚህ? እንዲያውም ጎበዝ ናት» አለና ሁለት መቶውን ቆጠረ። ሰማያዊዋ ደግሞ አምስት ሽምብራ ያለበትን መረጠች፤ ቆሎውን አንድ በአንድ እየቆረጠመች፣ አንድ በአንድ «ሰኞ፣ ማክሰኞ» እያለች። ልጅቱ ቀና አለች። የትኛውን ምሽት ምን እንደሣለች ራሷ ታስረዳ ጀመር። አፋር ነኝ የምትለው ልጅ!

ባለ ካባው ሲዞር ሲዞር ተመልሶ መጣ። ቆሎውን አየ። «የእኔዋ ስንት ነበረች?»

«ዘጠኝ» አልኩት። «ግን የተሸጠ ተሸጧል፣ ሂድ በደስታ። ያ ሰይፍህስ ስንት ቀን ፈጀ?»

«ሁለት ሳምንት።»

«በሠላሳ ብር ትሸጥልኛለህ?»

ሰይፉን ጭብጥ አደረገ። ከዚያ ጆሮው ቀላ፣ ካባውን ገልጦ ኪሱን ይዳብስ ጀመር። ልጅቱ «ኧረ ተወው፣ የእኛ ስሕተት ነው» አለችው።

«እሷ ታፍራለች፣ እኔ አላፍርም» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታችን ደረስን። ያልተሸጡ ሁለት ሥዕሎች ቀርተውብናል፤ ያ ጥቁሩና አንድ የበሬ ሥዕል። ካርቱን ወዳጅ በሬ ምን ያደርግለታል።

ልጄ ግቢ ውስጥ የተሰጣ በርበሬ ይሰበስባል። «እማዬ፣ እንዴት ሆነ? እውነቱን ይንገሩኝ» አለኝ።

እውነቱን ነገርኩት። የስንዝሬን ስሕተትም አልደበቅሁም። ቆሎውን፣ ሰይፉን፣ ሁሉንም። እሱ እጁን ጠርጎ ሥዕሎቹን አየ። በሬው ላይ ቆመ። ዓይኑ እንደዚያ እንደ ካርቱኑ ተለጥጧል፤ ግን የግራ ቀንዱ ጫፉ ተሰብሯል።

«ይኸ የኛው በሬ፣ ቦራ ነው» አለ።

«እሱ ነው አባዬ» አለች ልጅቱ በትንሽ ድምፅ።

እኔ ከፌስታሉ ሰባት ሽምብራ ቆጥሬ የበሬው ጀርባ ላይ ደረደርኩ፤ እሷው አዳራሹ ውስጥ ሰባት ምሽት ብላኝ ነበር። እሱ ሥዕሉን በግራ እጁ እንደያዘ፣ ቀንዱን እያየ፣ በሐሳብ አንዱን ሽምብራ አንሥቶ ጎረሰ። ሁለተኛውን። ልጅቱ ልትናገር ስትል እግሯን ረገጥኳት። ሰባተኛውን እስኪውጥ ጠበቅሁት።

«በል ክፈል» አልኩት።

 በርበሬ የነካው ጣቱን ሱሪው ላይ ጠራረገና ኪሱ ከተተ። ሰባቱንም ምሽት ከፈለ።

በሬው አሁን ከአልጋው ራስጌ ተሰቅሏል። ሳጥኑ ውስጥ የገባ ቀለም የለም። እኔም ሰሞኑን ለስፌት የሚሆን ሰንደዶ እየሰበሰብኩ ነው፤ ክዳን ያላት፣ እርግብ ያለባት አንዲት ትንሽ ሙዳይ ጀምሬያለሁ። ዋጋዋን ከአሁኑ በጣሳ እያጠራቀምኩ ነው፤ እስከ ትናንት አሥራ አንድ ሽምብራ ደርሷል፣ ይህች የምትጽፈው ልጅ ካልሰረቀችኝ።