ማንም ያልሞተበት ጥሩምባ

ገብረጻድቅ አቃቂ ሰፈራችን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የእድር ጥሩምባ ነፍቷል። እሱ ከነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ተሳስቶ አያውቅም። ሰው ያከብረዋል፣ ግን በሩ ላይ ሲቆም ማየት የሚወድ የለም።

ያን ሰሞን ኩፍኝ ማዶ ሰፈር ገባ። የጤና ኤክስቴንሽኗ አስቴር በመቶኛ ቁጥር የተሞላ ወረቀት ይዛ፣ አስከትቡ እያለች ቤት ለቤት ዞረች። ሰዉ ወረቀቱን አየት አድርጎ "ጽሑፍሽ ያምራል" ይላትና በሩን ይዘጋል። መርፌው ያመክናል ተብሎ ተወርቷላ! ማን እንዳወራው አይታወቅም፤ ያልሰማ ግን የለም። የገብረጻድቅ ልጅ ማህሌትም ሰምታ፣ የአንድ ዓመት ልጇን ዮዲን አላስወጋም ብላለች።

"አባዬ፣ አንተ ስለ መርፌ ምን ታውቃለህ?"

"ስለ መርፌ ምንም። ስለ ሬሳ ግን ጠይቂኝ።"

አልጠየቀችውም።

የክትባት ዘመቻው ሊያበቃ የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነው። አስቴር ቀበሌ በር ላይ ጠረጴዛዋን ዘርግታ ብቻዋን ተቀምጣለች። ገብረጻድቅ የልጅ ልጁን ስም ሲለፍፍ ታየው። ሄዶ አስቴር አጠገብ ቆመና ጥሩምባውን ነፋው።

ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ባለሱቋ አማረች ደረቷን እየደቃች ደረሰች።

"ወይኔ ጉዴ! ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"እና ምን አስነፋዎት ጋሽ ገብረጻድቅ? ሽሮዬን እሳት ላይ ትቼ!"

ሁለት ሴቶች ለቅሶውን ጀምረውት ስለነበር፣ ትንሽ አልቅሰው ጨረሱ።

"ስሙኝማ" አለ። "ጥሩምባ በያዝኩበት ዓመት በኩፍኝ ብቻ ዘጠኝ ሕፃን ለፍፌያለሁ። የአማረች የበኩር ልጅም አለበት። ክትባት ከተለመደ ወዲህ ሁለት፤ ሁለቱም ያልተከተቡ።"

አማረች ታናሽ ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

"ያመክናል የምትሉት ደግሞ፣ ይቺ ማህሌት በዘጠኝ ወሯ ተወግታለች። መክና ከሆነ ዮዲን ከየት አመጣቻት?"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ማህሌት ዮዲን እንዳቀፈች ከኋላ ነበረች።

"እኔ ተከትቤያለሁ?"

"እናትሽ ወስዳሽ። ሦስት ቀን አኩርፈሻታል።"

አስቴር ወረቀቷን አጠፈች። "ከሳምንት በኋላ ልጆቹን ትንሽ ሊያተኩሳቸው ይችላል፤ አልደብቃችሁም" አለች።

"ይሄንን መጀመሪያ ብትነግሪን ምን ነበረበት?" አለቻት አማረች፤ የታናሽ ልጇን እጅ ይዛ ሰልፍ ያዘች። ማህሌት ከኋላዋ ቆመች።

ዮዲ ስትወጋ አገር ይያዝልኝ አለች። በሳምንቷ እውነትም አተኮሳት። በማግስቱ ለቀቃትና እየዳኸች ጫማ መላስ ጀመረች። ገብረጻድቅ እፎይ ብሎ ሁለት እንጀራ በላ፤ ሦስተኛውን ማህሌት ከለከለችው።