ከስክሪኑ በታች የቀሩት ማሽኖች

በእንቁላል ማስፈልፈያው ግቢ ትልቅ ትንሹ «እቴቴ» ይላታል። በወጣትነቷ እንቁላል ለቃሚ ሆና ገብታ፣ ፀጉሯ ገብስማ ሲሆን የመፈልፈያ ክፍሉ ኃላፊ ሆነች። ሥራ ላይ እሳት ናት። አንድ ነገር ብቻ አይሆንላትም፤ «አላውቅም» ማለት ሞቷ ነው።

ዘጠኙ ማሽኖች ከኮምፒውተር ጋር በተገናኙ ጊዜ ፕሮግራሙን የጫነው የገዛ እህቷ ልጅ ነበር። «አክስቴ፣ አንዴ ቁጭ በይና ላሳይሽ» አላት። «ደግሞ አዝዬ ያሳደግኩህ አንተ ቁጥር ማንበብ ልታስተምረኝ?» ብላ ሰው ፊት ሳቀችበት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ሳይሰናበታት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስልክም አልተደዋወሉም።

እሷም ጠዋት ጠዋት ስክሪኑን ገርመም ታደርጋለች፤ ቁጥሮቹ አረንጓዴ ከሆኑ በቃ፣ ወደ ሥራዋ ነው።

አንድ ቀን ሠራተኛው ሁሉ ምሳ ወጥቶ እሷ ብቻዋን ሳለች የማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ። ጫጩቶቹ ሊፈለፈሉ ተቃርበዋል፤ ሙቀቱ ትንሽ ካለፈ እዚያው ቅርፊታቸው ውስጥ ይቀራሉ። በየበሩ የነበሩት ቴርሞሜትሮች ኮምፒውተሩ ሲመጣ ተነቅለዋል። የታመመውን ማሽን ሳይለዩ ሁሉንም መክፈት ደግሞ ጤነኞቹንም በብርድ መግደል ነው።

ሮጣ ማውዙን ጨበጠች። ጩኸቱን ላጥፋ ብላ ከላይ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰረዝ ስትጫን መስኮቱ እልም አለ። ቁጥር የለ፣ ምን የለ፤ ባዶ ሰማያዊ ስክሪን። ደወሉ ግን አሁንም ይጮኻል። ላብ አጠመቃት።

ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ለእህቷ ልጅ ስልክ ደወለች።

«ልጄ፣ ጠፋብኝ!»

«ምኑ?»

«ሁሉም! ደወሉ እየጮኸ ነው፤ እኔ ደግሞ ቁጥሮቹን አጠፋኋቸው!»

«ምን ነክተሽ?»

«ሰረዟን።»

«ሰረዟ አታጠፋም፤ መስኮቱን ዝቅ ነው የምታደርገው። ከስክሪኑ ግርጌ የእንቁላል ሥዕል አለ፤ እሱን ተጫኚ።»

ተጫነች። መስኮቱ ብቅ አለ። ግን ስትቻኮል ከሰረዟ ጎን ያለችውን አራት ማዕዘን ነካችና መስኮቱ በግማሽ አነሰ። የሚታየው ቁጥር ሁሉ አረንጓዴ ነው።

«እፎይ! ደህና ናቸው። ያበደው ደወሉ ነው» አለች፤ ገመዱን ከግድግዳው ልትነቅል እጇን ሰደደች።

«ቆይ! ስንት ማሽን ይታይሻል?»

ቆጠረች። «ስድስት።»

«ሦስቱስ?»

እቴቴ እጇን ከገመዱ መለሰች።

«አክስቴ፣ መስኮቱ ስላነሰ ነው፤ የቀሩት ከታች ተደብቀዋል። በቀኝ ጠርዝ ቀጭን ዘንግ አለች፤ ያዣትና ወደ ታች ጎትቻት። ጥጉ ላይ ያለችውን ኤክስ ግን አደራ እንዳትነኪ፤ የምትዘጋው እሷ ናት።»

ዘንጓ ሁለቴ አመለጠቻት። በመጨረሻ ያዘቻት። ሰባተኛው አረንጓዴ። ስምንተኛው ደም የመሰለ ቀይ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ሮጠች። የስምንተኛውን በር ስትከፍት ወላፈኑ ፊቷን ገረፋት፤ የማራገቢያው ቀበቶ ተበጥሶ ሙቀቱ ከላይ ታፍኗል። ማሞቂያውን አጥፍታ በካርቶን ታራግብ ጀመር። ሠራተኞቹ ከምሳ ሲመለሱ ክንዷ ዝሏል፤ ካርቶኑን ግን ከእጇ የወሰዱት ታግለው ነው።

የመፈልፈያው ቀን ሲደርስ ከስምንተኛው ማሽን ታችኞቹ ትሪዎች ጫጩቶቹ እየተንጫጩ ወጡ። ከላይኞቹ ግን ብዙዎቹ እንቁላሎች ጭጭ አሉ። እቴቴ አንድ በአንድ እያነሳች ባልዲ ውስጥ አኖረቻቸው። የሆነውን ሊያይ የመጣው የእህቷ ልጅ አጠገቧ ቆመ።

«ከግማሽ በላይ ተርፈዋል እኮ፣ አክስቴ።»

«እኔን የሚያቃጥሉኝ ያልተረፉት ናቸው» አለች ቀና ሳትል።

ባልዲው ሲሞላ እጇን ታጠበች። ወንበር ስባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና ጣቷን ወደ ስክሪኑ ቀሰረች።

«በል ከላይ ጀምር። ይሄ ጽሑፍ ምንድን ነው?»

«እሱ የመስኮቱ ስም ነው።»

«እሺ፣ ቀጥል።»