ድንጋዩ እንዴት ነው?

ባለፈው ሳምንት ምሕንድስና የምትማረው የእህቴ ልጅ ለተግባር ልምምድ ልትወጣ ስትል ልትሰናበተኝ መጣች። የራስ ቁሯን፣ አንጸባራቂ ሰደርያዋን፣ ከፍታ ላይ ሲሠሩ የሚታሰሩበትን መታጠቂያ እየደረደረች አሳየችኝ። መታጠቂያውን አንስቼ ደጋግሜ ስስበው «ጋሼ፣ አይፍሩ፤ ይህ አይበጠስም» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ የፈራሁት መበጠሱን አልነበረም።

በንጉሡ ዘመን ነው። ኮሌጅ ሳለን እኛንም ለልምምድ በየመንገድ ቅየሳው በተኑን። ለእኔ የደረሰኝ ጋይንት ነበር፤ ከንፋስ መውጫ ወደ ታች ጋይንት ሊወርድ የታሰበ መንገድ። ከተማ ያደግኩ ነኝና ገደል የማውቀው በሥዕል ነው። ጥር ስለነበር ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ በየአውድማው በሬ ይሽከረከራል፤ እብቁ በነፋስ እየመጣ አንገቴ ውስጥ ይገባል። ቁርሳችን በሶ፣ ምሳችንም በሶ። ስለ በሶ ክፉ አልናገርም፤ ዛሬም እወደዋለሁ።

አስተማሪያችንም አለቃችንም ኢንጂነር ጌታሁን የሚባሉ ቁጡ ሰው ነበሩ። አንድ ጠዋት ከአንድ ሰፊ አውድማ ግርጌ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አቆሙኝና «ውረድና ድንጋዩን በመዶሻ ምታው» አሉኝ። «ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። እዚያው ሆነህ ጮክ ብለህ ንገረኝ።» የተማርኩት ስሌት ሁሉ ከራሴ በነነ።

መውረጃ ተብሎ የተገኘው የአገሩ ሰው የገደል ማር ሊቆርጥ ሲወርድ የሚታሰርበት የበሬ ቆዳ ጠፍር ነው። አንደኛው ጫፍ ወራጁ ወገብ ላይ ይታሰራል። ሌላኛውን የሚይዘው ሰው ራሱ ይታጠቀዋል፤ እንዲህ ከሆነ አይለቅም ይላሉ። እኔን ሊይዙ የታጠቁት አያ ቢምረው የሚባሉ ሽበታም ገበሬ ነበሩ። በአገሩ በጠፍር አያያዝ የሚስተካከላቸው የለም ተብሎ ነው የተጠሩት፤ ጎረቤቶቻቸው ከኋላ ያግዟቸዋል።

ቋጠሮዬን እያጠበቁ «ለመሆኑ እታች ምን ጠፍቷችሁ ነው?» ብለው ኢንጂነሩን ጠየቁ።

«ድንጋዩ ጤነኛ ከሆነ መንገዱ አውድማውን አቋርጦ በዚህ ይወርዳል። ከበሰበሰ በወዲያኛው ጋራ እንዞራለን።»

አያ ቢምረው ከቋጠሮው ቀና አሉ። «አውድማው እኮ የእኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው፤ «እህል የምወቃበት ሌላ ሜዳ የለኝም።»

«ሌላ ሰው ቢይዝልኝስ?» ብል ኢንጂነሩ ገረመሙኝ። አያ ቢምረው ደግሞ «አንዴ ታጥቄያለሁ። ውረድ ልጄ» አሉ። ልጄ መባሌ ይብስ አስፈራኝ።

ወረድኩ። ጠፍሩ ሲጢጥ ይላል። አሞራ ከእግሬ በታች ይበራል፤ የአሞራን ጀርባ ያየሁት ያኔ ነው። ማርያም ማርያም እያልኩ ድንጋዩን መታሁት፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። ፈቀቅ ብዬ ደገምኩ፤ እንደዚያው። እባክህ በስብስልኝ ብዬ ድንጋይ ለመንኩ።

ከላይ ድምፅ መጣ። የኢንጂነሩ መስሎኝ ነበር፤ የአያ ቢምረው ነው።

«ድንጋዩ እንዴት ነው?»

ውሸቱ አፌ ላይ ነበር። በስብሷል ብል ማን ያየኛል? እሳቸው አውድማቸውን፣ እኔ ነፍሴን ይዘን እንገባለን። ነገር ግን የወዲያኛው ጋራ አፈር ክረምት ክረምት እንደሚናድ ሄደን አይተናል፤ በዚያ የሚያልፍ መኪና ሰው ጭኖ ነው የሚሄደው። «ጤነኛ ነው፣ አያ ቢምረው» አልኩ። ስማቸውን የጠራሁት ለልመና ነበር መሰለኝ።

ጠፍሩ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኔን ጨፈንኩ። አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ የሚያልቅበት ያህል እንደዚያ ተንጠልጥዬ ቆየሁ። ከዚያ ጠፍሩ ወገቤን ጨመቅ አደረገኝና ወደ ላይ መሳብ ጀመርኩ።

አፋፉ ላይ ስደርስ መሬት ላይ ተዘረጋሁ። አያ ቢምረው ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን ፈቱልኝ።

«ዋሽተኸኝ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» አሉኝ። ጠፍሩን ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ ጣሉና በሬዎቻቸው ወደቆሙበት ሄዱ።

መንገዱ በዚያው ወረደ።

የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ቆየችና «ታዲያ ትክክል ነበሩ፣ ጋሼ?» አለችኝ። ድንጋዩን በተመለከተ ትክክል ነበርኩ። ስለ ቀረው እስከ ዛሬ አላውቅም። ድንጋይ መመርመር አስተምረውኛል፤ የመረመርኩትን ለማን እንደምናገር ግን ያስተማረኝ የለም። ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገድ ቀይሻለሁ፤ ወረቀት ላይ መስመር ባሰመርኩ ቁጥር በወዲያኛው ጫፍ የታጠቀ ሰው አለ እያልኩ እፈራለሁ። እሷም ትፍራ ብዬ ነው የነገርኳት።